ጠላው ራሱን ይጠብቃል፤ ቀሪቦውስ?

አቦሉ ተጠጥቷል፤ ቶናው እስኪፈላ አንድ ጨዋታ ላምጣ። መስከረም ጠብቶ ያሆዴና መሳላ ሲቃረቡ፣ ወይም የጥር ሠርግ ቀን ሲቆረጥ፣ በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ ካሉ አዳዲስ ጎጆዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሰማል። እናቷ ስትጠምቅ እያየች ያደገች፣ በራሷ እጅ ግን ጠምቃ የማታውቅ ሙሽራ ትጠይቃለች፤ «ዕቃው በደንብ ባይጸዳስ? ጀርም ቢገባበትስ? እንግዳ ጠጥቶ ቢታመምብኝስ?» አሁን አሁን ይህን ጥያቄ ወንዶቹም ይጠይቁታል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው።

ፍርሃቱን አከብረዋለሁ። ለሰው አፍ የሚቀርብ ነገር ሲሠራ የማይፈራ ሰው እኔን ያስፈራኛል። ሆኖም ይህ ፍርሃት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ያለቦታው ነው። ጋኑን ሦስት ጊዜ አጥባ ለአራተኛ የምትመለስ ሴት፣ ድፍድፉ ላይ የምትሞላው ውሃ ከየት እንደተቀዳ ላታስብ ትችላለች። ለጠላው ስትጨነቅ ሰንብታ፣ ለልጆቹና ለማይጠጡት እንግዶች የምታዘጋጀውን ቀሪቦ ግን «እሱማ አልኮል የለው» ብላ በአንድ ሌሊት አድርሳው ታድራለች። እኔ የምለው የተገላቢጦሹን ነው፤ አልኮሉ እያነሰ በሄደ ቁጥር ጥንቃቄው መጨመር አለበት።

እስቲ ከጠላው እንጀምር። ጌሾው ተወቅጦ ከውሃና ከጥቂት ብቅል ጋር ይጠነሰሳል። ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው ቂጣው ተቆርሶ፣ እንኩሮው ተዘጋጅቶ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ የጌሾው እንጨት ተጨምሮበት ይደፈደፋል። ድፍድፉ ሲደርስ ውሃ ይሞላበትና አፉ ይታሸጋል። ከእነዚህ መካከል ቂጣውንና እንኩሮውን እሳት ነክቷቸዋል፤ ብቅሉና ጌሾው ግን ጥሬ ናቸው። ጠላውን የሚያፈላው እርሾ የሚመጣው በእነዚሁ ጥሬዎች በኩልና ከጋኑ ግድግዳ ነው። ከሱቅ እርሾ ገዝቶ ጠላ የሚጠነስስ ባልቴት አላየሁም። እንግዲህ «ጀርም ቢገባበትስ?» ለምትለው እህቴ መልሴ፣ ይገባል፣ መግባትም አለበት የሚል ነው። ዋናው ነገር ቀድሞ የሚባዛው የትኛው ነው የሚለው ነው።

እርሾውና አሲድ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች ከቀደሙ ስኳሩን ይበሉታል፣ አየሩን ገፍተው በቦታው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላሉ፣ መጠጡን ያኮመጥጡታል፣ አልኮልም ያበጁበታል። ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ የተጣራው ደግሞ 5 እና 6 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። ጌሾውም የሚሰጠው ምሬት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ ቢራ ውስጥ ሆፕ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ አንዳንዶቹን አበላሺ ባክቴሪያዎች ያዳክማል። አራት በመቶ አልኮል ብቻውን ብዙ አይገድልም፤ ኮምጣጣነቱም ብቻውን አይበቃም። አሲዱ፣ አልኮሉ፣ ጌሾውና የአየሩ መጥፋት ሲደራረቡ ግን በሽታ አምጪዎቹ አብዛኞቹ መቆሚያ ያጣሉ።

በደንብ የፈላ ጠላ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን ያሳፍራል እንጂ እንግዳውን ሆስፒታል አያስገባም የምለውም ለዚህ ነው። አፉ ሳይጠብቅ ቀርቶ አየር ከገባበት፣ ሆምጣጤ ሠሪው ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ ይለውጠዋል። ላዩ ላይ ስስ ነጭ ቆዳ የመሰለ ነገር ሊጋርድ ይችላል። ይህ የጣዕም ጥፋት ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጸጉራም ሻጋታ ካያችሁ ግን ላዩን ገፍፎ የታችኛውን ማዳን የለም፤ ይደፋ። ጀማሪን ያለምክንያት የሚያስደነግጡ ምልክቶችም አሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቡናማ አረፋ ገንፍሎ ይወጣል፣ ድፍድፉ ሲንጫጫ ይሰማል፣ አንዳንዴ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይመጣል። እርሾው እየሠራ ነውና ተዉት፤ ሽታው ይሄዳል። ሜታኖል የሚባለው የዓይን ጠንቅ ደግሞ በዋናነት ከአረቄ ጋር የሚነሣ ስጋት ነው፤ በእህል ጠላ የሚያሳስብ መጠን አይገኝም።

ስለ መጠጥ መበላሸት ሲወራ ሉዊ ፓስተርን ሳያነሡ ማለፍ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን በነበረው የዊትብሬድ ቢራ ፋብሪካ የእርሾውን ዝቃጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ቢራውን የሚያበላሹት ባዕድ ተህዋስያን እንዳሉበት ለባለቤቶቹ ነገራቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ የራሳቸውን ማይክሮስኮፕ ገዙ። በ1876 ስለ ቢራ ያሳተመው መጽሐፍም የተጻፈው ለዚሁ ጉዳይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚመስጠኝ ግን ከዚያ በፊት እዚያው ለንደን የሆነው ነገር ነው።

በ1854 ሶሆ በሚባለው ሰፈር፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ኮሌራ ገባ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ቤት ለቤት እየዞረ ሲጠይቅ፣ የሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ ከአንድ የእጅ ፓምፕ ውሃ ይጠጡ እንደነበር ደረሰበት። እዚያው መንገድ ላይ ከ70 በላይ ሠራተኞች ያሉት ቢራ ፋብሪካ ነበር፤ በኮሌራ የሞተ ሠራተኛ ግን አልነበረም። ባለቤቱ ለስኖው እንደነገረው ሠራተኞቹ ቢራ ስለሚታደላቸው ከዚያ ፓምፕ አይጠጡም፤ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ቢራ ደግሞ ከመጠንሰሱ በፊት የብቅሉ ጭማቂ ከሆፑ ጋር እሳት ላይ ይንተከተካል።

የእኛ ጠላ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ድፍድፉ ከደረሰ በኋላ የሚሞላው ብዙው ውሃ እሳት አይነካውም። ከጠላው ውስጥ ትልቁ ድርሻ ውሃ ሆኖ ሳለ፣ ጥንቃቄያችን ሁሉ ጋኑ ላይ ያልቃል። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከባሌ ተነሥቶ ወደ ደቡቡም የአገራችን ክፍል የዘለቀውን የኮሌራ ወረርሽኝ ያየ ሰው፣ ከምንጭ ወይም ካልተከደነ ጉድጓድ የተቀዳ ጥሬ ውሃ ድፍድፍ ላይ ሲገለበጥ ዝም ብሎ ማየት የለበትም። ድፍድፉ ኮምጣጣ ነው ብሎ መተማመንም አያዋጣም፤ ብዙ ውሃ ሲገባበት ኮምጣጣነቱም አልኮሉም ይሳሳል፤ እንደገና እስኪጠነክር ጊዜ ይፈልጋል። በጉሹ የሚጠጣ ሰው ቢኖርስ?

ስለዚህ ውሃው ይፈላ። ሆሳዕናም ዱራሜም ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚንተከተከው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ሙቀት በሽታ አምጪዎቹን ይገድላል፤ ቢሆንም ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ መንተክተክ ሲበቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ እንዲሆን ይመከራል። ማገዶው ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለአንድ ጋን የሚሆን ውሃ ማፍላት ቀላል ወጪ አይደለም። ሆኖም ለሠርግ ከሚወጣው ወጪ ሁሉ ይህን የሚቀድም አይታየኝም። የፈላው ውሃ ደግሞ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ መሬት ላይ በተቀመጠ ጆግ እየተጨለፈ ከተቀዳ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዕቃውም ነውና። ሸክላ ፈሳሽ ይጠጣል። ጋኑን በሳሙና ብታጥቡት ሳሙናውን፣ በበረኪና ብታጥቡት በረኪናውን ይጠጣና ኋላ ለጠላው ይመልስለታል። እናቶቻችን በግራዋ ፈትገው፣ አለቅልቀው፣ ፀሐይ ላይ ደፍተው፣ ከዚያ በወይራ የሚያጥኑት ያለምክንያት አልነበረም። ግራዋው ቆሻሻውን ያነሣል፣ ፀሐይና ጭሱ ያደርቃሉ፣ እርጥበት ያጣ ተህዋሲ ደግሞ አይባዛም፤ ከጭሱ የሚቀሩት ነገሮችም የራሳቸው የማምከን ኃይል አላቸው። በወይራ የታጠነን ጋን በበረኪና ማለቅለቅ በተለይ ጥፋት ነው። የጭሱ ፊኖሎችና የበረኪናው ክሎሪን ሲገናኙ መድኃኒት መድኃኒት የሚል ሽታ ይፈጥራሉ፤ ያ ሽታ አንዴ ከገባ አይወጣም። «ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» ተብሎ የሚታማ ጠላ ምሥጢሩ ይኸው ሊሆን ይችላል። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ ከበዛ ይህንኑ ስለሚያመጣ፣ ማፍላቱ እዚህም ይጠቅማል።

ጋን ከየቤቱ እየጠፋ ነው፤ ዛሬ ጀማሪው በእጁ የሚያገኘው የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ነው። ለፕላስቲክ በረኪና ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ቆሻሻው ይልቀቅ፤ የተጣበቀ አተላ ካለ ክሎሪኑ እሱን ሲታገል ኃይሉን ይጨርሳል። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና አንድ የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ በጥብጦ አምስት ደቂቃ ያህል ማርጠብ፣ በመጨረሻም በፈላ ውሃ ማለቅለቅ ነው። በረኪናን ከሆምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር መቀላቀል መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ በፍጹም አይሞከር። በሽቦ መፈተግም ይቅር፤ ፕላስቲኩ ሲጫር በየጭረቱ ውስጥ የሚቀረውን ቆሻሻ ማንም አያወጣውም። ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ከሆነ ቧንቧው ተፈቶ ይታጠብ፤ አሮጌ አተላ የሚደበቀው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን በምንም አስተጣጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ዚንክ የተቀባ የብረት በርሜልና ባልዲም እንደዚሁ። ኮምጣጣ መጠጥ ውስጡ ሲያድር ዚንኩን ያሟሟዋል፤ የጠጣው ሰው ብዙም ሳይቆይ ያስመልሰዋል። ቤተሰቡ «ጀርም ነው» እያለ ጠማቂዋን ሲወቅስ፣ ጥፋቱ የባልዲው ይሆናል።

እህሉንስ? ብዙ ሰው የማያስብበት ይህን ነው። ገብሱ ርሶ ሲበቅል፣ ክረምት ከሆነና ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ ካልተገፈፈ፣ ብቅሉ ሳይደርቅ ይሻግታል። አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጩ ሻጋታዎች አሉ፤ መርዙን ማፍላትም ሆነ መጥመቅ አያጠፋውም፣ ጌሾም አይበግረውም። የሻገተን ብቅል «ለሰው ባይሆን ለላም» ማለትም አይበጅም፤ ላሟ ከበላችው መርዙ ተለውጦ በወተቷ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት አዲስ አበባ ዙሪያ ከተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች ይህ መርዝ ያልተገኘበት አልነበረም፤ ምንጩም የከብቶቹ መኖ ነበር። ብቅል በቀጭኑ ተሰጥቶ፣ ደመና ከሆነ ከምድጃ አጠገብ ይድረቅ፤ የሻጋታ ሽታ ካለው ይጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ደረስኩ። በሀዲያና በከምባታ አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነው። ብዙው ሠርግ፣ ብዙው ምርቃት ጠላ የለውም። በዚያ ቦታ የሚቆመው ለስላሳውና ቀሪቦው ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ በውሃ ይንተከተካል፣ ይጠለላል፤ ሲበርድ ስኳርና የዳቦ እርሾ ተጨምሮበት ያድራል፤ ጠዋት እንደገና ስኳር ገብቶበት ለእንግዳ ይቀርባል። ሕፃን ይጠጣዋል፣ እርጉዝ ትጠጣዋለች፣ ሽማግሌ ይጠጣዋል።

የጠላውን ጠባቂዎች አንድ በአንድ አስታውሱና እዚህ ፈልጓቸው። ጌሾ የለም። አልኮሉ እዚህ ግባ አይባልም። አሲዱ የአንድ ሌሊት አሲድ ነው። ስኳሩ ደግሞ ለማንኛውም ተህዋሲ ድግስ ነው። ቀሪቦን የሚጠብቀው የሠሪው እጅ ብቻ ነው ማለት ነው።

አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ እሳት ላይ ይንተከተካል። አደጋው የሚጀምረው ከእሳት ሲወርድ ነው። ገብስ ከአፈር የመጣ እህል ስለሆነ፣ መንተክተክን ተቋቁመው የሚተርፉ የባክቴሪያ ዘሮች ይኖሩበታል። ትልቅ ብረት ድስት ሙሉ ቀሪቦ ማታ ወርዶ በራሱ ይብረድ ከተባለ ለብ እንዳለ ያነጋል፤ እነዚያ ዘሮች የሚወዱት ሙቀት ይህ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚተፉት መርዝ ኋላ መልሶ በማፍላትም አይጠፋም። ስለዚህ ድስቱ ወርዶ በትናንሽ ንጹሕ ዕቃዎች ይከፋፈል፣ ዕቃዎቹም በቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ ይቀመጡ፣ ይከደኑ። እጅ ላይ ጠብ ሲደረግ ለብ ብቻ ሲል፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው፣ እርሾው ወዲያው ይግባ። በጣም ሲሞቅ ከገባ፣ ከ50 ዲግሪ በላይ፣ እርሾው ይሞታል፤ ሜዳውም ለሌላው ይቀራል። ሎሚ ቢጨመቅበት ኮምጣጣነቱን ከመጀመሪያው ስለሚያመጣው ሁለት ጥቅም አለው።

መጥለያው ጨርቅም ሊታሰብበት ይገባል። ትናንት ተጠልሎበት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ እርጥቡን ተጣጥፎ የዋለ ጨርቅ ከማንኛውም ጋን ይበልጥ ያስፈራኛል። ይፈላ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ለሌላ ነገር አይዋል። ጠዋት የሚጨመረው ስኳርም በጥሬ ውሃ ተበጥብጦ እንዳይገባ፤ ውሃውን አፍልቶ ስኳሩን እዚያው ማሟሟት ምን ያህል ያስቸግራል? ተቅማጥ የያዘው ሰው ደግሞ፣ የሙሽራው እናትም ብትሆን፣ የዚያን ቀን ከመጠጡ ይራቅ። ይህን መናገር ይከብዳል፤ ግን መነገር አለበት። በድንኳኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ በአንድ ባልዲ ውሃ እየተነከሩ ለሚቀጥለው እንግዳ ከተሰጡ የሌሊቱ ልፋት ሁሉ ባልዲው ውስጥ ይቀራል፤ ተራ የሚጠብቁ በቂ ብርጭቆዎች ይኑሩ፣ የሚለቀለቁትም በሚፈስ ውሃ ይሁን።

ቦርዴና ሻሜታ በመካከል ያሉ ናቸው። ጌሾ የላቸውም፤ የሚጠጡትም ገና እየፈሉ ሳለ ነው፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ አይሆኑም። ጥንካሬያቸው በአሲድ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች ነው። የማይክሮባዮሎጂው ሊቅ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው በሁለቱ መጠጦች ላይ ለዓመታት ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት አንድ ሥራ ከቦርዴና ከሻሜታ የተለዩት እነዚህ ባክቴሪያዎች በሽታ አምጪዎችን ሲገቱ በላቦራቶሪ አሳይተዋል። ደስ የሚል ግኝት ነው፤ ቆጮ በጉድጓድ አቡክተው ለወራት የሚያቆዩ የሀዲያና የከምባታ እናቶች በእጃቸው የሚያውቁት ኃይልም ከዚሁ ወገን ነው። ሆኖም ቆጮው ጊዜ አለው፤ የአንድ ሌሊቱ ሻሜታ የለውም። ለሻሜታ እርሾ የሚተወው የትናንቱ ትራፊ ነውና፣ ትናንት ንጹሕ ያልነበረ ነገር ዛሬም አብሮ ይወረሳል።

ስለ ቀሪቦ አንድ የቀረኝ አለ፤ ይህኛው ከጤናም ከሃይማኖትም ጋር የሚነካካ ነው። የዳቦ እርሾ ስኳር እስካገኘ ድረስ አልኮል ያበጃል። በአንደኛው ጠዋት ጥቂት ብቻ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን፣ ስኳር እየተጨመረለት ከቆየ፣ ለስለስ ያለ ጠላ እየሆነ ይሄዳል። ለእምነቱ ሲል አልኮል የማይቀምስ እንግዳ ይህን የማወቅ መብት አለው፤ ልጁን ይዞ የመጣ ወላጅም እንዲሁ። የተረፈውን ሃይላንድ ውስጥ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ለጎረቤት መላክም ይቅር፤ ጋዙ መውጫ አጥቶ ጠርሙሱን ይወጥረዋል፣ የብርጭቆ ጠርሙስ ከሆነም ይፈነዳል። በዋዜማው ማታ የተጠነሰሰ በማግስቱ ቀትር ይለቅ፤ የቀረው ይደፋ። ለሕፃናት ብቻ የሚዘጋጅ ከሆነ ደግሞ እርሾውን ጨርሶ መተው ይቻላል፤ የገብሱን ውሃ በዚያው ጠዋት አንተክትኮ፣ ቶሎ አቀዝቅዞ፣ ስኳርና ሎሚ አድርጎ፣ በዚያው ቀን ማጠጣት ነው።